ጆሮ የማይቆረቁር መድፈኛ

ይርጋ፣ ና እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ። ዛሬ የማጫውትህን ጨዋታ መጀመሪያ የነገረችኝ ወይዘሮ ያለምዘውድ ናት፤ የአቶ ሓረጎት እኅት። ምንጩን አስቀድሜ የምጠቅሰው ወሬው ከእኔ የፈለቀ እንዳይመስልህ ነው። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ያለ ምንጭ አያወራም… ላርመው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ነው። ደግሞም ሐሜት አይደለም። ጥርት ያለ ምስጋና ነው።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትህ? ባለቤትህ ደኅና ናት? ስፓርግል መብላት ጀምራችኋል? ያ ነጭ አትክልት ዘንድሮም ገበያውን ሞልቶታል፤ እኔ ወጥ ልሠራበት ሞክሬ ነበር፤ ስለ ውጤቱ ባንነጋገር ይሻላል። ከሰፈሬ ከኦስትኤንድ እዚህ የፍራንክፈርት ዳር ዞሰንሃይም እስክደርስ ሁለት ጊዜ ወርጄ ሁለት ጊዜ ተሳፈርሁ፤ ቢሆንም ለጆሮዬ ዕረፍት ነው። ሰፈሬ ላይ ያ ትልቅ የባንክ ሕንፃ መሠራት ከጀመረ ወዲህ መዶሻው ከዶሮ ቀድሞ ነው የሚነሣው… ይቅርታ፤ ሰፈሬ ውስጥ ዶሮ የለም። ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሣው።

ዛሬ ግን እንደ ልጅ ነው የቦረቅሁት። ይህ የሰፈሩ ተኳሾች ማኅበር፣ እነሱ ሹትሰንፌራይን የሚሉት፣ በዓመት አንድ ቀን በሩን ለእንግዳ ሲከፍት እኔም በሰባ አራት ዓመቴ ገብቼ አምስት ጥይት ተኮስሁ። ደሴ ሳስተምርህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆነህ ጠመኔ ብቻ ስወረውር ያየኸኝ አንተ ብታየኝ ኖሮ… አንዷ ጥይት ዒላማውን መታች። ላርመው፤ ዒላማው የተሰቀለበትን እንጨት መታች። እንጨቱ ግን መሐሉን ነው የተመታው።

ችግሬ ጆሮዬ ነበር። ለእንግዳ የሚያውሱት የጆሮ መሸፈኛ እዚያ ሣጥን ውስጥ እንደ ሽንኩርት ተከምሯል፤ አንዱን አንሥቼ ደፋሁት። የመነጽሬ ዘንግ ከሥሩ ገባና ክፍተት ፈጠረ፤ ጩኸቱም በዚያች ክፍተት ሾልኮ ገባብኝ። ፕላስቲኩ በላብ አጠመቀኝ። ጠመንጃውን ጉንጬ ላይ ባስጠጋሁ ቁጥር ሰደፉ ይገፋውና ወደ ማጅራቴ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ምን አልሁ መሰለህ? «ምነው የእርሳቸውን ምክር በሰማሁ ኖሮ» አልሁ።

እርሳቸው ማን ናቸው? … ስማቸው ምን ያደርግልሃል? አንድ የማከብራቸው ሰው ናቸው በለው። እዚያ መስኮቱ አጠገብ ቀዩን መሸፈኛ ደፍተው ተራቸውን የሚጠብቁትን አረጋዊ ደግሞ አትመልከት። ስለ እርሳቸው አይደለም የማወራው። ስለ እርሳቸው ቢሆን ኖሮ ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር።

ይህ የማከብራቸው ሰው፣ ይርጋ፣ በጆሮ መከላከያ አመራረጥ በፍራንክፈርት ሐበሻ መካከል ወደር የላቸውም። ስንቱ ሰው የትዳር ጓደኛውን በሦስት ሳምንት ይመርጣል፤ እርሳቸው መድፈኛ ለመምረጥ ስድስት ወር ፈጀባቸው። መጀመሪያ ስፖንጁን ሞከሩ። በጣት አጥብቆ ማድቦልቦል፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይ ስቦ ማስገባት፣ እስኪነፋ ድረስ በጣት ይዞ መቆየት፤ ይህን ሁሉ ቆመው አስተምረውኛል። ነገር ግን ስፖንጁ አሳከካቸው። ቀጥሎ ወፍራሙን መሸፈኛ ገዙ፤ ድምፅ በመቀነስ ረገድ ሠላሳ የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ ራሳቸውን እንደ ጉጠት ያዛቸው። ሦስተኛውን ቀጭኑን ገዙ፤ ለሰደፉ ተመቸ፣ ለጆሮአቸው ጠበበ። ታዲያ ተስፋ ቆረጡ? በፍጹም። ሰው ላለመስማት ይህን ያህል ሲደክም አይቼ አላውቅም… ምን አልሁ? ይቅርታ። ጆሮውን ለመጠበቅ ማለቴ ነው።

በመጨረሻ መሐል ከተማው፣ ኢነንሽታት፣ ካለው የመስሚያ መሣሪያ ባለሙያ ዘንድ ቴርሚን፣ ቀጠሮ መሆኑ ነው፣ ያዙ። ባለሙያው ለስላሳ ሊጥ በጆሮአቸው አፈሰሰ፤ ሊጡ ሲደርቅ ቅርጹን አወጣ፤ በቅርጹም መጠን የሥጋ መልክ ያላቸው ሁለት መድፈኛዎች ሠራላቸው። ለዚያ ጆሮ ብቻ የተሠሩ፣ እንደ ሙሽራ ጫማ በልክ የተቆረጡ። በዚያን ሰሞን አግኝተውኝ ያሉኝን ቃል በደብተሬ ጽፌዋለሁ፦ «የጥሩ መድፈኛ ምልክቱ ጆሮህ ውስጥ መኖሩን መርሳትህ ነው።»

እውነት አይደለም? ጠቢብ ንግግር ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ የእኛ ሰዎች፤ የእርሳቸው ጆሮ ግን ባዳ አይደለም፤ እንግዳ እንዳይገባ በሩን ዘግቶ የሚጠብቅ ቤተኛ ነው።

እንግዲህ ወደ ያለምዘውድ ነገር ልመለስ። ወንዱ ልጅህ ቤተልሔምን ሊያገባ ፈልጎ፣ አንተም እንደ ወጉ አራት ሽማግሌ ወደ አባቷ ወደ አቶ ሓረጎት ስትልክ፣ ቀኑ የዳግም ትንሣኤ እሑድ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት እዚህ ውድድር ነበር። የሽማግሌዎቹ መሪ፣ ማንነታቸውን አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አልጠራም፣ ተኩሰው፣ ሁለተኛ ወጥተው፣ ከዚህ በቀጥታ ወደ አቶ ሓረጎት ቤት ሄዱ። ከረባታቸውን በመንገድ አሰሩ። ሁሉን አሟልተው ነበር የሄዱት። ይልቁንም… አንድ ነገር አብዝተው ነበር የሄዱት።

አንተ እቤትህ ሆነህ የሰማኸው ምንድን ነው? «አቶ ሓረጎት እምቢ አሉ» የሚለውን ብቻ አይደለም? እንግዲያው ያለምዘውድ የመጠጡን ትሪ ይዛ ከማዕድ ቤቱ በር ሆና ያየችውን ስማ።

ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እንደማይቀመጥ ታውቃለህ። አራቱም ምንጣፉ ላይ ቆሙ። አባት ደግሞ ቶሎ እሺ አይልም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ያመላልሳል። ነገር ግን ቤተልሔም እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ዋዜማውን በጀርመንኛ «ፓፓ፣ እባክህ ሽማግሌዎችን አታመላልስ» ብላ ለምናቸው ነበር። ስለዚህ አቶ ሓረጎት ወጉን ሰበሩ። የመግቢያው ሰላምታ እንዳለቀ፣ ልጁን የሚሰጥ አባት እንደሚያደርገው፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጥለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ ልጃችሁ ናት፤ ተቀመጡ» አሉ።

አየህ? እሺ ብለው ነበር። ገና ሻይ ሳይፈላ።

መሪው ታዲያ ምን አደረጉ? … ቀጠሉ። ምን ያላደረጉት አለ? የአንተን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ እኔ አምስቱን ብቻ ነው የማውቀው፤ ሁለቱን ከየት እንዳመጡልህ እግዚአብሔር ያውቃል፤ አመስግናቸው። የልጅህን ትምህርት አወደሱ። አቶ ሓረጎት ግራ ገብቷቸው «እሺ ብያለሁ እኮ» አሉ፤ እርሱንም በለሆሳስ። ልጅ እየሰጠ የሚጮህ አባት የት አለ? ሁለተኛው ሽማግሌ የመሪውን ኮት ጫፍ ሳብ አደረጉ፤ መሪው «በርቱ» የተባሉ መስሏቸው ወደ ስምንተኛው ቤት ለመሻገር ሞከሩ። አፍ አውጥቶ የሚያቋርጣቸው አልተገኘም፤ የሽማግሌን መሪ ማን ያቋርጣል? ነውር ነው። እናም አራት ሰዎች፣ እሺታ ፊታቸው ላይ እንደ ማዕድ ተዘርግቶ ሳለ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቆመው ለመኑ። ያለምዘውድ ሳቋን ለመዋጥ ነጠላዋን ነክሳ ነበር። እኔም ስትነግረኝ የያዝሁትን ሻይ ሱሪዬ ላይ ደፋሁት። ሱሪዬ ላይ አልሁ? ላርመው፤ የእርሷ ምንጣፍም ላይ ነው።

ሳቁ ግን እዚህ ላይ ቆመ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? መሪው የራሳቸውን ድምፅ ብቻ እየሰሙ፣ ያም በዚያ መድፈኛ ውስጥ እንደ ከበሮ እያስተጋባ ሲጥማቸው፣ መዝጊያ ብለው ምን ጨመሩ? «እምቢ ቢሉንም አንቀየምም፤ ፍራንክፈርት ውስጥ ሴት ልጅ ያለው እርስዎ ብቻ አይደሉም።»

ሁለት ጊዜ እሺ ላለ አባት!

አቶ ሓረጎት አልተቆጡም። ተነሥተው በሩን ከፈቱ፤ በቃ። መሪውም ጎንበስ ብለው አመስግነው ወጡ። ያለምዘውድ የረሱትን ጃንጥላ ይዛ ደረጃው ላይ ደረሰችባቸው። በዚያው ቅጽበት ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ አንሥተው ወደ ጆሮአቸው ሲያስጠጉ ከመድፈኛው ጋር ተጋጨ። በጣታቸው አወጡት፤ አዩት፤ ፊታቸው በራ። ምን አሉ መሰለህ? «ለካ ጆሮዬ ውስጥ ነበሩ፤ እንዴት ቢመቹ ነው?»

ታዲያ ይህ ሰው አይደነቅም? እኔ ደስ ነው ያለኝ። ገንዘብ አውጥቶ እንዲህ የሚረካ ገዢ ከየት ይገኛል? ላንተም አልዋሹህም፤ እንዳትቀየማቸው። ያልተባለውን እምቢታ አመኑ እንጂ የተባለውን እሺታ አልሸሸጉህም። ያልሰሙትን ነገር እንዴት ይሸሽጋሉ? ሦስቱ ሽማግሌዎችም ዝም ያሉህ እርሳቸውን ላለማዋረድ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ… ይህ ዝምታ ግን ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ትንሽ መሽተት ጀምሯል።

ነገ ደግሞ እሑድ ነው። ያለምዘውድ ወንድሟን ለምና፣ አልቅሳ፣ አንድ ቀጠሮ አገኘችልህ። አቶ ሓረጎት «ይህ የመጨረሻው ነው» ብለዋል። ቤተልሔም ምግብ ከተወች ሰነበተች፤ ልጅህ እንዴት እንደ ከሳ አንተው ታየዋለህ። እርሳቸው ደግሞ የጀመሩትን መጨረስ ይፈልጋሉ፤ «ነገም የምመራው እኔ ነኝ» ብለዋል አሉ። ይምሩ እንጂ! ማን ይከለክላቸዋል? አንተ ይሉኝታ ይዞሃል፤ እኔም ይዞኛል። ምን ቸገረን? ልጆቹ ወጣቶች ናቸው፤ ሃያ ዓመት ቢጠብቁ ምን ይሆናሉ? ዘር ቆጠራው ዐሥረኛው ቤት ሲደርስ ምናልባት ዘመዳሞች ሆነው ይገኙና ነገሩ በዚያው ያልቃል።

አንዳንዱ ሰው እኔን «አንተ ብትመራስ?» ይለኛል። እኔ ምን ችሎታ አለኝ? ሁለት ቃል ተናግሬ ዝም ማለት ብቻ ነው የምችለው። የሚቀጥለውን ደቂቃ ሁሉ ባለቤቱ ምን እንደሚል ስሰማ ነው የማሳልፈው። ይህ ሽምግልና ይባላል?

ደግሞም እርሳቸው መሣሪያቸውን ቀይረዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀይ መሸፈኛ ገዝተዋል፤ በውጭ በኩል ድምፅ የሚቀበሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። ተኩሱን ይዘጋል፤ ዝቅ ያለውን ንግግር ግን ያቀርባል። ማስተካከያውን እስከ መጨረሻ ካዞሩት፣ ሁለት ጠረጴዛ ማዶ የሚንሾካሾክ ሰው ትከሻህ ላይ የተቀመጠ ይመስላል አሉኝ ራሳቸው። ገርሞኛል። ከጮኽህ ይዘጋሃል፤ ከተንሾካሾክህ ያጎላሃል። ሁለት ሳምንት ባልዘገየ ኖሮ…

ለምን ድምፄን ዝቅ እንዳደረግሁ ጠየቅኸኝ? ሰው እንዳይሰማን ነዋ። ሌላ ምን ምክንያት ሊኖረኝ ይችላል? ሰውን ሲያሙ ለእኔ ብለህ ስማ ይባላል፤ እኔ ግን ማንንም ስላላማሁ፣ ማንም ለእኔ ነው ብሎ እንዲሰማ አልጠብቅም። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነበር በአገራችን፤ እዚህ የፖም ወይን በሽንሽን ብርጭቆ ነው የሚሰጡን፤ እርሱን ጠጣና ተረጋጋ። ወደ መስኮቱም አትይ ብዬሃለሁ።

ኧረ ጋሼ… ተነሡ እንዴ? ተራዎ ገና መስሎኝ። መሸፈኛውንስ ለምን ወደ ማኅደሩ መለሱት? እኛ እኮ ስለ ስፓርግል ነው የምናወራው። ምን አሉኝ? ነገ ሌላ ውድድር አለብዎት? በዚያው ሰዓት? … አይ አጋጣሚ! ሰማህ ይርጋ? ነገ መምራት እንደማይችሉ እየነገሩን ነው። እንዴት ያለ ጉዳት ደረሰብን። እኔ እንድተካዎ? እኔማ… እርስዎ ካዘዙኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? አምስት ቤት ብቻ ነው የምቆጥረው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ላርመው፤ ምንም አልቆጥርም።

ጎንበስ ይበሉ፣ አንቱ ታላቃችን፤ ይህን በጎነትዎን ሳልመርቅ አልሰድድዎትም። ዕድሜዎ ይርዘም። ዒላማዎ አይሳትብዎ። ጆሮዎን ምንም ነገር አይቆርቁረው። ሲጨነቁና ሲለምኑ፣ በጸሎትም በቆሙ ቁጥር፣ እርስዎ ሰውን በሚሰሙበት በዚያው ጆሮ እግዚአብሔር ይስማዎ።

ይህንም እንደ ተናገርሁት በወረቀት ያሰፈርሁት ቤተልሔም ቀለበት ባሰረች ዕለት፣ ላርመው፣ በማግሥቱ፣ እሑድ ግንቦት ፲፱ ቀን ፳፻፬ ዓመተ ምሕረት ነው።