አራት ዓመት ከአንድ ቀን

ደብረ ብርሃን፣ መናኸሪያው በር ላይ፣ ረፋድ፤ የአትሌቲክስ ክለቡ ጸሐፊ ምትኩ፣ ባለፈው ወር ዕድሜዋን አጭበርብራለች ተብላ የተባረረችውን ሯጭ ትርንጎን ቆሎ ስትሸጥ አግኝቷታል።

ትርንጎ፦ አልመለስም አልኩህ እኮ፣ ጋሽ ምትኩ! ገበያዬን ከለልከው፤ ትንሽ ዞር በልልኝ።

ምትኩ፦ አንድ ጊዜ ስሚኝ ብቻ። እሑድ የምርጫ ውድድር አለ። ስምሽን አስገብቼዋለሁ።

ትርንጎ፦ የማንን ስም? የዚያችን የሃያ ዓመት ሴትዮ?

ምትኩ፦ እንደሱ አትበይ።

ትርንጎ፦ እኔ ነኝ ያልኩት? ሐዋሳ ላይ፣ አሟሙቀን ልንሰለፍ ስንል፣ ደረቴ ላይ የነበረውን ቁጥር ማን ነው የነቀለው? በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት!

ምትኩ፦ ዋና አሠልጣኙ፣ ሻምበል ነው የነቀለው።

ትርንጎ፦ ዕድሜዬ የተጻፈበትን ወረቀት ማን አሳየው?

ምትኩ፦ ... እኔ።

ትርንጎ፦ እና ዛሬ ምን ተገኘ? ወጣት ሆንኩ?

ምትኩ፦ ድሮም ነበርሽ። አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነው። አልዋሸሽም፣ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ ይሄን እኔም አውቃለሁ። አንተ ከመቼ ወዲህ አወቅከው?

ምትኩ፦ ከትናንት ወዲያ። አዳዲስ ታዳጊዎች ስመዘግብ፣ ገና የወተት ጥርሷ ያልወለቀ ሕፃን ኮምፒውተሩ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው አለኝ። ያኔ ያንቺን መዝገብ መልሼ ከፈትኩት።

ትርንጎ፦ አልገባኝም።

ምትኩ፦ የሌሎቹን ልጆች የትውልድ ቀን አንድ በአንድ በእጄ ነው የጻፍኩት። ያንቺን ግን፣ ልክ እንደዚያች ሕፃን፣ ያ ፈረንጅ አሠልጣኝ ትቶልን ከሄደው ፋይል ኮፒ አድርጌ ለጠፍኩት። ለካ ኮምፒውተር ቀንን የሚይዘው በቁጥር ነው፤ ከአንድ መነሻ ቀን ጀምሮ እየቆጠረ። የሱ ፋይል መነሻና የኔ ፋይል መነሻ ይለያያል። ቁጥሩ ሳይነካ ወደኔ ሲመጣ ቀኑ አራት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ።

ትርንጎ፦ አራት ዓመት ብቻ?

ምትኩ፦ አራት ዓመት ከአንድ ቀን።

ትርንጎ፦ ከአንድ ቀን! እኔ ምን ብዬህ ነበር? የተወለድኩት በጊዮርጊስ ዕለት ነው፣ ሚያዝያ ሃያ ሦስት፤ ይሄ ሃያ ሁለት ይላል፣ የኔ አይደለም ብዬ እጅህን ይዤ አልለመንኩህም?

ምትኩ፦ ለምነሽኛል።

ትርንጎ፦ አልሰማኸኝም?

ምትኩ፦ ሰምቼሻለሁ። ቀኑ ከተዛነፈ ዓመቱስ የሚል ነገር ውስጤ ብልጭ ብሎ ነበር። ላፕቶፑም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ግን ሻምበል እየጮኸ፣ አወዳዳሪዎቹ ክለቡን እናግዳለን እያሉ... ዝም ይሻላል አልኩ። አንቺ ትንሽ ቆይተሽ ትረሺዋለሽ ብዬ።

ትርንጎ፦ ስለዚህ ታውቅ ነበር።

ምትኩ፦ አላውቅም ነበር። ጠርጥሬ ነበር።

ትርንጎ፦ ጠርጥረህ ዋጥከው።

ምትኩ፦ ... አዎ። ዋጥኩት።

ትርንጎ፦ እና አሁን አስተካክለኸዋል?

ምትኩ፦ ኮምፒውተሩ ላይ አዎ። የጎደለውን መደመር ነው፣ ደቂቃም አልፈጀም።

ትርንጎ፦ ደቂቃም አልፈጀም! እኔ ሙሉ ወር ጎረቤት እንዳያየኝ በጓሮ ነው የምወጣው። እናቴ ማኅበሯን ትታለች። «የልጇን ዕድሜ የሸጠች» ይሏታል። ቢሮህ መጥታ ስትምል ምን እንዳልካት ታስታውሳለህ?

ምትኩ፦ ትዝ ይለኛል።

ትርንጎ፦ በል እስቲ፣ ድገመው።

ምትኩ፦ «እናት ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው» አልኳት። ተቀመጪ እንኳ አላልኳትም። ትርንጎ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። ይኸው፣ ለአወዳዳሪዎቹ ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ትርንጎ፦ ምን ይላል?

ምትኩ፦ «በተፈጠረ የቴክኒክ ችግር ምክንያት...»

ትርንጎ፦ ቴክኒክ ማነው? የየት ሰፈር ልጅ ነው? እኔን ሲያባርሩኝ እኮ ስሜን ከነአባቴ ነው የጠሩት።

ምትኩ፦ ልጆች አሉኝ፣ ትርንጎ። ሻምበል ካወቀ ከሥራ ያወጣኛል።

ትርንጎ፦ ሻምበል አያውቅም?

ምትኩ፦ እስካሁን... አልነገርኩትም።

ትርንጎ፦ እና እሑድ ሜዳው ላይ ስቆም ምን ሊለኝ ነው? ልጆቹስ? አጭበርባሪዋ ተመለሰች እያሉ ከኋላዬ ሊሯሯጡ? ሂድ፣ ጋሽ ምትኩ። ቆሎ! ትኩስ ቆሎ!

ምትኩ፦ ቆይ። ስልኬን ላውጣ።

ትርንጎ፦ ለምን?

ምትኩ፦ ዝም በይ፣ እየጠራ ነው... ሄሎ፣ ሻምበል? ምትኩ ነኝ። አይ፣ ቢሮ አይደለሁም፣ መናኸሪያ ነኝ፣ ትርንጎ ጋ። አትቆጣ፣ መጀመሪያ ስማኝ። ልጅቷ አልዋሸችም። ዕድሜዋን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ከፋይል ወደ ፋይል ስገለብጥ። አዎ፣ እኔ። ሐዋሳ ላይም ጠርጥሬ ነበር፣ ዝም አልኩህ። ... እሺ። ... እሺ፣ ሻምበል። የፈለግከውን አድርገኝ። ለልጆቹ ግን ዛሬውኑ ንገራቸው።

ትርንጎ፦ ምን አለ?

ምትኩ፦ ለኔ ያለውን ተዪው። ላንቺ፣ ነገ ጠዋት ልምምድ ትምጣ ብሏል። ልጆቹን ሰብስቦ እሱ ራሱ ይነግራቸዋል። ... አሁንስ ይቅር ትዪኛለሽ?

ትርንጎ፦ የኔ ይደርሳል። እናቴ ቤት ናት፤ በፊት ለፊት በር እንገባለን፣ ቀድመህ ግባ።