ቻይናው ሐኪም ያየው ምላስ

ኤግሊንተን ዌስት ባስ ውስጥ ከፊቴ ሆዳቸውን ይዘው የተቀመጡ እናትን አጠገባቸው ያለች ልጅ ታናግራቸዋለች።

«እማማ፣ ሆድዎን ነው የሚያምዎት?»

«የበላሁት አልፈጭ እያለ ይነፋኛል። ቻይናው ሐኪም ምላሴን አይቶ፣ ‹ሐሳብ ጣፊያሽን አድክሞታል› አለኝ።»

«ምን ያሳስብዎታል?»

«የባሌ ወንድም አገር ቤት ካረፈ ሦስት ወሩ። ባሌ የልብ ሕመምተኛ ስለሆነ መርዶውን ደብቄዋለሁ።»

«ውይ! ሦስት ወር ሙሉ?»

«ስበላ ፊት ለፊቴ ነው የሚቀመጠው።»

«መድኃኒትስ ሰጠዎት?»

«እየተፈላ የሚጠጣ ሥራሥር ሰጠኝ።»

«ታዲያ ያፈላሉ?»

«የሚያፈላልኝ ባሌ ነው። ትናንት ብርጭቆውን ሲያቀብለኝ፣ ‹ወንድሜ ስልኩን ሲያነሳልኝ ጸበል ላክላት እለዋለሁ› አለኝ።»

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ሲጠራ፣ መርዶ መስሎኝ ማን እንደሆነ ሳላይ አጠፋሁት።