ማተብና ማግኔት

አፌን የምገታ ሰው አይደለሁም፤ ያስለመደኝ አስተማሪነቱ ነው። በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ደሴ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ስገባ፣ የገራዶውን ገበሬ ጋሽ ማረውን ከእህታቸው ልጅ ከእስከዳር ጋር አገኘኋቸው። እስከዳር ኮምቦልቻ የምትሠራ ነርስ ናት። ገና ሰላም እየተባባልን ሳለ ብርጭቆው ከጋሽ ማረው ቀኝ እጅ አምልጦ ተከሰከሰ።

«እግዜር ይማርዎ! እጅዎን ምን ነካው?» አልኩ።

«ጅማት ዞሮብኝ ነው። ወጌሻው ሲያሸኝ ከረመ። ራጅም ተነሥቼ አጥንትህ ደህና ነው ተብያለሁ። ይቺ ልጅ ግን አዲስ አበባ ካልወሰድኩዎት ብላ ቁም ስቅሌን ታሳየኛለች።»

«ጋሼ፣ ጅማት ሌላ ነርቭ ሌላ» አለች እስከዳር። «ነርቭ የአንጎልን ትእዛዝ ለጣት የሚያደርሰው ነው። ትንሿ ጣትዎ ደንዝዛለች፣ የእጅዎ ሥጋ መንምኗል። ሐኪሙ ክርንዎ ላይ ነርቩን የተጫነው ነገር አለ ብሎ ጠርጥሯል። ራጅ የሚያሳየው አጥንቱን ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ ግን ነርቩንም የተጫነውንም ያነሣል። ቢላ የለው፣ ሕመም የለው።»

«ባልሄድስ?»

«እርፍ መጨበጥ ይቀርብዎታላ! ብዙ የታፈነ ነርቭ ላይመለስ ይችላል።»

ጋሽ ማረው ፊታቸው ጠቆረ።

«ይቅርብኝ! የጎረቤቴ ልጅ በዚሁ መሣሪያ ሊነሣ ሄዶ፣ የአንገትህን አውልቅ ብለውታል። በደርግ ጊዜ ያልበጠስኩትን ማተብ ዛሬ ለመሣሪያ ብዬ አልበጥስም!»

እኔ ቱግ አልኩ። «ኧረ ጋሽ ማረው! እጅዎ እየሞተ ስለ ክር ያወራሉ?»

«መምህር፣ እባክዎ» አለች እስከዳር ቆጣ ብላ። «ምክንያቱን ሳይነግሩ አውልቅ ማለት እኮ ነውር ነው። ጋሼ፣ መሣሪያው ኃይለኛ ማግኔት ነው፤ ብረት ይስባል። ስለዚህ ሰዓትም ቀበቶም ይወልቃል። ከማተብዎ የሚወልቀው የብረት መስቀሉ ብቻ ነው። ክሩን ምን ያደርገዋል? ካንገትዎ አይወርድም።»

«ክሩ ይቀራል?»

«ይቀራል። መስቀሉን እኔ እይዝልዎታለሁ።»

አፈርኩ። እኔ የጮህኩበትን እሷ አስረዳቻቸው።

«መስቀሉ የአባቴ ነው» አሉ ጋሽ ማረው። «የምፈታውም ራሴ ነኝ።» ቀኝ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። መስቀሉ ከክሩ የታሰረበትን ቋጠሮ ያዙት፣ አመለጣቸው። ደግመው ያዙት፣ አሁንም አመለጣቸው። ጣቶቻቸው አልታዘዝ አሉ። ሽማግሌው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«የገዛ ማተቤን ቋጠሮ መፍታት ካቃተኝ ምን ቀረኝ? ፍቺልኝ ልጄ። ውሰጂኝ።»

አዲስ አበባ ሄደው ተነሡ። ምስሉ ከክርናቸው ሥር ነርቩን የተጫነ ትንሽ እጢ አሳየ፤ ሐኪሙም የት እንደሚቀድ አውቆ ቀደደና አወጣው። እጃቸው ቀስ እያለ ተመለሰ። ጋሽ ማረውም ወጌሻውን፣ «ወለምታውን እሽ፤ የደነዘዘና የመነመነ እጅ ግን ቶሎ ወደ ሐኪም ላክ» ብለው መከሩት፤ እሱም ይልካል። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ቀድሞ የታየ ነርቭ ገበሬውን ለእርሻው፣ ሸማኔውን ለመወርወሪያው ያተርፈዋል።

በዓመቱ ገራዶ ሄጄ ከማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። የአባታቸው መስቀል ከማተባቸው ላይ ነበር።

«እስከዳር መለሰችልዎት?» አልኩ።

ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸውን ጨበጥ ዘርጋ አደረጉልኝ።

«መስቀሉን መለሰችልኝ» አሉ። «የቋጠርኩት ግን እኔ ነኝ።»