በተዝካሩ ቀን የጠፋው የቪትዝ ቁልፍ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዝናሽ አዳሙ ክንዱ
ዕድሜ፦ 37
ሥራ፦ የሽንኩርት ንግድ
አድራሻ፦ ጎንደር ከተማ፣ አዘዞ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከቀኑ 6፡20 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን መዝሙር አየነው

ተጠርጣሪው መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ወልደ ዮሐንስ የሟች ባለቤቴ የሐብተ ማርያም ታላቅ ወንድም በመሆኑ በሚገባ አውቀዋለሁ። ጠብ አላችሁ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ እስከ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም ድረስ እንዳልነበረን፣ ከዚያ ወዲህ ግን እንዳለን፣ አሁንም እንዳልበረደልኝ አስረድቻለሁ። አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው ዛሬ አንተ ብዬ የማስጻፈው አውቄ ነው።

ነሐሴ 25 ቀን 2016 ዓ.ም የባለቤቴ የአርባ ቀን ተዝካር ነበር። ከጠዳ ሽንኩርት የማመላልስበት፣ ሊብሬው በስሜ የሆነ ቪትዝ መኪና ግቢዬ ቆሟል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ የቅዱስ ሚካኤል ምስል ያለበት መያዣ አለው፤ ሳሎን ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። እንግዳው ሲበተን ቁልፉ የለም። በማግስቱ አያ እንኳየሁ የተባሉት ሽማግሌና የንስሐ አባታችን ቤተ ዘመዱን ሰብስበው ጠየቁ። ገብረ ኢየሱስ ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ መስቀል ተሳልሞ፣ «ቁልፉን በዓይኔ አይቼው እንደሆነ ይፍረድብኝ» ብሎ ማለ። እኔም አመንኩት። መሪጌታ መስቀል ተሳልሞ ይዋሻል ብዬ በምኔ ልጠርጥር!

መኪናው ሲቆም ሥራዬም ቆመ። የልጄ የናዝራዊት የትምህርት ቤት ክፍያ አቃተኝ። እሱ በየሳምንቱ እየመጣ፣ «ቁልፍ የሌለው መኪና የዶሮ ማደሪያ ነው፤ በመቶ ሺህ ብር ልገላግልሽ» ይለኝ ነበር። ሚሊዮን የሚያወጣውን! አዲስ አበባ ደውዬ ስጠይቅ ቁልፉ ብቻ ሰባ ሺህ ነው፣ መኪናውንም አስጭነሽ አምጪ አሉኝ። መንገዱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ልሸጥለት ጥቂት ነበር የቀረኝ።

በዚህ መሀል ፒያሳ ቁልፍ የሚቀርጸው ወንዴ፣ «ሪሞቱ ይቅርብሽ፤ ቺፕ ያለው ተራ ቁልፍ ይበቃሻል» አለኝ። ሊብሬዬንና መታወቂያዬን መዝግቦ በዘጠኝ ሺህ ብርና በአንድ ኬሻ ሽንኩርት ተስማማን። ኅዳር 5 ቀን፣ ገብረ ኢየሱስ ለሰሊጥ ጉዳይ ሳንጃ ሄዶ ሳለ፣ ወንዴ ግቢዬ መጥቶ የበሩን ቁልፍ ማስገቢያ ፈትቶ ልኩን ወሰደና ቀረጸ። ኮምፒውተሩን ከመኪናው ጋር እያገናኘ፣ «እኔ የምልሽ፣ ከወር በፊት አንድ መሪጌታ የዚህን መኪና ዓይነት ቁልፍ አምጥተው ባትሪ ቀየርኩላቸው፤ የሚካኤል ምስል ነበረበት» አለኝ። በወንድሙ ተዝካር መሬት እየተንከባለለ ያለቀሰው ቁልፌን ኪሱ ከትቶ ነበር!

ወንዴ፣ «የድሮውን ቁልፍ ከመኪናው ኮምፒውተር ላጥፋው? በሩን ይከፍታል እንጂ ሞተሩን አያስነሳም» ሲለኝ፣ «አጥፋው፤ በሩን ግን ይክፈትለት» አልኩት። ያኔውኑ ለምን ለፖሊስ አላመለከትሽም ተብዬ ስጠየቅ፣ መሐላውን የሰሙት ሰዎች ቁልፉን በእጁ እንዲያዩልኝ ስለፈለግሁ መሆኑን አስረድቻለሁ።

ኅዳር 10 ቀን ቤቴ ሲመጣ፣ ነጋዴ መኪናውን ኅዳር 13 ጭኖ ሊወስደው መሆኑን፣ ለሚካኤል ደግሞ ከነልጄ ቅዳሴ እንደምውል ነገርኩት። ሽማግሌውንና የንስሐ አባታችንን ከቅዳሴ በቀጥታ ለዝክር ጠራኋቸው። ዛሬ ልጄን ቤተ ክርስቲያን ልኬ፣ የግቢዬን በር ሳልቆልፍ ጎረቤቴ አየለች ቤት፣ ግቢዬን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ልክ 3 ሰዓት ላይ ገብረ ኢየሱስ አገልግሎቱን ጥሎ መጣ። በሩን ከፍቶ ገባና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ይንገራገራል፣ አይነሳም። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከረ፤ ቆጥሬያለሁ። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይኸም ይጻፍልኝ። ስምንተኛው ላይ አያ እንኳየሁና የንስሐ አባታችን ገብተው አጠገቡ ቆመው ነበር፤ እሱ ግን አቀርቅሮ ስለነበር አላያቸውም።

ሲያያቸው እኔም ከአየለች ቤት ወጥቼ ደረስኩ፤ ወርዶ እግሬ ላይ ወደቀ። «ዝናሽ፣ ስለ ወንድሜ ነፍስ ማሪኝ» አለ። «ምነው፣ ወንድምህን ዛሬ ነው ያስታወስከው?» አልኩት። አያ እንኳየሁ፣ «ልጄ፣ የቤተ ሰብ ገመና ነው፣ እዚሁ ይቅር» ቢሉኝም እምቢ አልኩ። ወደ ጣቢያው ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ በአዲሱ ቁልፍ መኪናው በአንዴ ተነሳ። እሱ ከኋላ በሁለቱ ሽማግሌዎች መሀል ተቀመጠ። ሕዝቡ ከሚካኤል እየወጣ ስለነበር ዝግ ብዬ ነዳሁ፤ መስኮቶቹንም በሙሉ አወረድኩ። ለእግረኛ ደኅንነት ብላ ነው ተብሎ እንዳይጻፍልኝ። እንዲያዩት ነው።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ ያላልኩት አልተጨመረም፣ ካልኩትም የሚሰረዝ የለም። እውነት ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
የቃል ተቀባይ ፊርማ ____________