የአቶ ሊባን ቢርካ ከመንገድ ሲታይ

በ1998 ዓ.ም. በጋ፣ አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ፣ ከቱሊ ጉሌድ ወደ ጅጅጋ የምትሄድ አይሱዙ ጎማዋ ፈንድቶ ሜዳ ላይ ቆመች። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ዒፍራህ ነበረች። እግሯን ልታፍታታ ወረድ ስትል፣ የእናቷን ወንድም አቶ ሊባንን አገኘቻቸው። ቢርካቸውን፣ ያንን የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበትን ጥልቅ ጉድጓድ፣ በእሾህ ቅርንጫፍ ይሸፍናሉ።

«አብቲ፣ ምን እየደበቁ ነው?» አለች አጎቷን።

«ውሃዬን ነዋ! አምና ስንቱ ጠጥቶልኝ፣ በመንደሩ ስብሰባ ላይ ስሜን ያነሳ አለ? ከእንግዲህ ማንም አያየውም።»

ዒፍራህ ፈገግ አለች። «ዛሬ ለተማሪዎቼ ‹ኮንስፒኪየስ› የሚባል ቃል አስተማርኳቸው። ሳይፈልጉት ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር ማለት ነው። ከጣሪያዎች በላይ ለወጣ ነጭ የመስጊድ ሚናራም ይባላል፤ ነጭ ሸሚዝ ላይ ለፈሰሰ ቀለምም። ቃሉ አያሞግስም፣ አይሳደብም።»

«ስድቡንማ እኔን ጠይቂኝ! አራተኛ ክፍል ስገባ ጢም አብቅዬ ነበር። መምህሩ ‹ይሄ ግመል ከኋላ ይቀመጥ› ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በዚያው ከትምህርት ወጣሁ። የታየ ሰው መሳቂያ ነው፣ አስተማሪዋ!»

አቶ ሊባን ይህን ብለው ሌላ የእሾህ ቅርንጫፍ ጉድጓዱ ላይ ጣሉ። እውነትም፣ በቀላሉ ይቅር የሚባል ነገር አልነበረም።

«ነውሩ የመምህሩ ነው፤ እርስዎ ምን አጠፉ? ይህ ጉድጓድ ግን ሲመሽ ሰው ይበላል።»

«ለማያውቀው! የቆፈርኩት እኔ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ።»

«እንግዲያው እስከ መኪናዋ ደርሰው ይመለሱና ያሳዩኛ።»

አቶ ሊባን ሄዱ። ሲመለሱ ፀሐይ ጠልቃ ሜዳው ሁሉ አንድ መልክ ሆኗል፤ ቁጥቋጦው ከሸፈኑት እሾህ አይለይም። ደረታቸውን ነፍተው ሲራመዱ፣ ዒፍራህ «አብቲ፣ ይቁሙ!» ብላ ጮኸች። ከጫማቸው ጫፍ ሥር ቅርንጫፍ ተንሸራቶ ገባ፤ ከታች ውሃው ተንቦጫረቀ።

አቶ ሊባን ባሉበት ዘጭ ብለው ተቀመጡ። «ላ ኢላሀ ኢለላህ! የገዛ ቢርካዬ!»

«ጀሪካን ያዘለች ሴት ብትሆንስ ኖሮ?» አለች ቀስ ብላ።

«በቃሽ። ገብቶኛል።»

በሳምንቱ ዙሪያውን በድንጋይ ካቡት፤ በር አበጁለት፤ ካቡንም ኖራ ቀቡት። ከዚያ መንገዱ ላይ ወጥተው ዞር ብለው አዩት። በዚያ ጭው ባለ ቀይ ሜዳ መሃል፣ የእጃቸው ሥራ መሬት ላይ የወረደች ጨረቃ መስሎ ያበራል። ከዚያ ወዲህ መንገደኛ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ውሃው ያቀናል፤ ከብት አይገባበትም፤ የከብት ፍግ ውሃው ውስጥ መግባቱ ቀርቶ የልጆች ሆድ ቁርጠት ቀለል አለ።

አንዲት ባለ ግመል ሴት፣ ነጩን ከሩቅ አይታ መጣች፤ ጠጣች፤ ግመሎቿን አጠጣችና ምስጋና እንኳ ሳትተነፍስ መንገዷን ቀጠለች። አቶ ሊባን ግን ዓይናቸው ካቡ ላይ ተተክሎ ስለነበር፣ መቀየማቸውን ረሱት።