ቆይ የሚሉት አሰልጣኝ

እሺ፣ ወንበር ያጣችሁ ግድግዳውን ተደገፉ፤ ብዙ አላስረዝምም። እኚህ ዛሬ የምንሸኛቸው ሰውዬ መጀመሪያ የመጡ ቀን ትራስ በብብታቸው ሸጉጠው ነበር። «የተዋጊ ድሮን ኦፕሬተሮች ዋና አሰልጣኝ ይመጣሉ» ተብለን ተሰልፈን ስንጠብቅ፣ ትራሱን አየሁና «በሉ፣ ሊተኙ ነው የመጡት» አልኩ። እሳቸው ትራሱን ወንበሩ ላይ አድርገው ተቀመጡበትና፣ እስከ ምሳ ድረስ አንድ ባዶ ግቢ በስክሪን ሲያዩ ዋሉ።

«ምን እያዩ ነው?» አልኳቸው።

«ግቢ።»

«ግቢው ውስጥ ምን አለ?»

«እስካሁን ምንም። ቆይ።»

ከዚያ ወዲያ ስማቸው «ጋሼ ቆይ» ሆኖ ቀረ። ሻይ ላይ ስኳር ልንጨምር ስንል «ቆይ!»፣ በር ልንከፍት ስንል «ቆይ!»። ባለቤታቸው ይኸው ተቀምጠዋል፤ ቤትስ እንዴት ናቸው ብላቸው፣ «ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ድስቱ እያረረም ቆይ ነው የሚለኝ» አሉኝ።

ፈተናቸውንም ታውቁታላችሁ። አመልካቹን ያንኑ ግቢ ሲያስመለክቱት ይውሉና «ስንት ሰው አለ?» ይላሉ። ፈጣን ነኝ ባይ ሁሉ «ሦስት!» ብሎ ይዘላል። «ቤት ውስጥስ?» ሲሉት ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ያፈጣል። «አላውቅም» ያለውን ነው የሚመርጡት። ስንቱ ጎበዝ አኩርፎ ወጣ መሰላችሁ! «አላውቅም ለማለት የሚያፍር ሰው መሣሪያ አይጨብጥም» ይላሉ፤ አበቃ።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ አለቆቻችንም እዚሁ ስላሉ በፊታቸው ልናገረው። ጋሼ የሚሄዱት ደክሟቸው አይደለም። የስንቱ ውል ሲራዘም ኖሮ የእሳቸው ለምን እምቢ ተባለ? ዘንድሮ በጣት ፍጥነት አንደኛ የወጣው ሰልጣኝ፣ በልምምድ ላይ ውሃ ለመቅዳት የተሰለፉ ሰዎችን መታ። ስክሪን ላይ ነው፣ እውነት ነው። መታና ፈገግ አለ። ጋሼ አላሳልፍም ብለው ጣሉት። «ልምምድ እኮ ነው፣ ማን ሞተ?» ተባሉ። «እዚህ ያልደነገጠ እዚያም አይደነግጥም» ብለው መለሱ። ይኸው፣ ለዚህ መልሳቸው ጡረታ! ወይ ጉድ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እህልስ ይለቀማል፤ ሰው በምን ይለቀማል?

ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር ስለሠራሁ ማታ ቤቴ ገብቼ የልጆቼን ዓይን ቀና ብዬ አያለሁ። ይህን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ከነገ ጀምሮ በእሳቸው ቦታ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ያንን ልጅ «አሳልፈው» ተብያለሁ። አለቆቼ፣ አላሳልፈውም። ካልጣማችሁ የእኔንም ሽኝት ዛሬውኑ አብራችሁ ጨርሱት፤ ምግቡ እንደሆነ ተርፏል።

በሉ፣ ብርጭቆ ወደ ላይ! ለጋሼ ጤና! ዕድሜ ይስጥዎ፣ እንቅልፍዎ የሰላም ይሁን። ሁላችሁም ተነሡላቸው። እናንተም፣ አለቆቼ፣ ተነሡ።