መምህርቷ የከለከለችኝ ፋይል

ከሞያሌ በተነሳው ማታቱ፣ በኬንያው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሰውዬና አንዲት እናት ስለ ልጆች ትምህርት ያወሩ ነበር።

«እንደ ልጄ ምዋሊሙ ያለች ሰው አላየሁም» አለ ሰውዬው።

«መምህርቷ ምን አደረገች?»

«ከሚስቴ ስንለያይ ልጄ የሆዷን የምትነግረው ለእሷ ነበር። እሷም ጽፋ በፋይል ትይዘዋለች።»

«እሺ።»

«ልጄን እኔ ላሳድግ ብዬ ከሰስኩ። ጠበቃዬን ደብዳቤ አስጽፌ ‹ፋይሉን ስጪኝ› አልኳት።»

«ሰጠችህ?»

«‹ይሄ የጠበቃ ደብዳቤ ነው፤ የዳኛ ትእዛዝ አምጣ› አለችኝ። ‹የመምህርነት ፈቃድሽን አስነጥቅሻለሁ!› ብዬ ጮህኩባት።»

«ውይ! እሷስ?»

«ውሃ ሰጠችኝ። ‹ተቀመጥ፣ ልጅህን እንደምትወዳት አውቃለሁ› አለች።»

«ትእዛዙስ መጣ?»

«መጣ። ፋይሉን አሽጋ ራሷ ፍርድ ቤት ቀረበች። ‹ክቡር ዳኛ፣ ልጅቷ አምናኝ የነገረችኝ ስለሆነ እርስዎ ብቻ ያንብቡት› አለች። ዳኛውም ብቻቸውን አንብበው መልሰው አሸጉት። ልጄ ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳያት ፈረዱ።»

«ተሸንፈህ ታመሰግናታለህ እንዴ?»

«ያኔማ አንጀቴ አርሮ ነበር፣ እማማ። በኋላ ግን አንድ ቅዳሜ ልጄ ራሷ ‹አባዬ፣ ስትጮህ እፈራህ ነበር› አለችኝ። ያንን ወረቀት ያኔ ነጥቄ አንብቤው ቢሆን፣ ዛሬ ልጄ አታዋራኝም ነበር።»

እስከዚያ ድረስ የማየው ጀርባውን ብቻ ነበርና፣ ፊቱን ለማየት አንገቴን አሰገግኩ።